ለልብ ሐኪሙ የላክሁት ሽማግሌ

ልጄ አራት ወር ሲሞላት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከነበረው አፓርትመንታችን ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል፣ የልብ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ልብ ሣለና ሁለት ቦታ በእስክሪብቶ ጫረ። «እዚህና እዚህ ችግር አለ፤ ሰርጀሪ ያስፈልጋታል» ብሎ ቀን ቆረጠልን። ደግ ሰው ነው፤ አይዋሽም። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። እኔ ግን ጡት ስትጠባ የምታለከልከውን፣ ግንባሯ በላብ የሚርሰውን ልጄን እንዳቀፍኩ ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ መኪናውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ያኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነበር። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ነገሩን ስነግራት «እንዲህ ዓይነቱን እዚያ በዓመት ስንት ይሠራሉ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጠይቂያ! የሕፃን ልብ ሰርጀሪ ሁሉም ሆስፒታል አንድ ዓይነት አይደለም። በየሳምንቱ የሚሠሩ አሉ፣ አልፎ አልፎ የሚሠሩ አሉ። የሚድነውም ልጅ ይለያያል።»

ጠይቂ ማለት ቀላል ነው! ሐኪም ፊት ቆሞ «በእጅህ ስንት ልጅ ሞተ?» ማለት እኔ ባደግኩበት ቤት ነውር ነው። ለባለቤቴ ስነግረው ክው አለ። «ቢቀየመንስ? ቢላውን የሚይዘው እኮ እሱ ነው» አለኝ። «ይቀየማ! ልጄ ትበልጣለች ወይስ ቅያሜው?» ብዬ ጮኽኩበት። ጮኽኩ እንጂ እኔም ፈርቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ሆስፒታሉ ደውዬ፣ ሁለቴም የአፖይንትመንቱን ሰዓት ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። በራሴ በገንኩ።

የባለቤቴ አጎት ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። እዚሁ፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። አገር ቤት ሳሉ፣ እኔን ለወንድማቸው ልጅ ለመጠየቅ አዲስ አበባ አባቴ ቤት ሽማግሌ ሆነው የመጡት እሳቸው ነበሩ። አባቴ ሁለት ጊዜ መለሳቸው፤ በሦስተኛው «መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው፣ ሳሎን መሀል ቆመው እሺ አሰኙት። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ለእኔ ሦስቴ ተመላልሰዋል፤ ለልጄ አንዴ ይሂዱልኝ» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«ሐኪሙ ዘንድ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ነገሩን ሁሉ ከዘረዘርኩላቸው በኋላ ግን ሳቃቸው ጠፋ። «ቀኑን ንገሪኝ» አሉኝ።

ከአንድ ጓደኛቸው ጋር፣ ሁለቱም ሱፍ ለብሰው ክራባት አስረው መጡ። ሐኪሙ አያቶቿ መስለውት ወንበር አቀረበ። አልተቀመጡም። «ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም በይው» አሉኝ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ቀጠሉ፦ «እንዲህ ያለ ልብ በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ጠገናችሁ? ከእነዚያ ልጆችስ ስንቱ ወደ እናቱ ተመለሰ?» ለካ ያ እኔን ያነቀኝ ጥያቄ፣ የሳቸው ሲሆን ይወጣል!

ሐኪሙ «ቡድናችን በጣም ጎበዝ ነው፤ ደግሞም ልጅ ከልጅ ይለያያል» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«ጥሩ ነው። እኛ ግን የጠየቅነው እሱን አይደለም» አሉ። እንደገና ወንበሩን አሳያቸው። ንቅንቅ የለም! ባለቤቴ ወለሉን ያያል። ጥያቄው ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ልጄ እያየ፣ በቀስታ፣ «የእሷን ዓይነት ብዙ አልሠራንም። ያቅተናል ማለቴ አይደለም። የእኔ ልጅ ብትሆን ግን የምወስዳት ሌላ ሆስፒታል ነው» አለ። ልብ የሣለበትን ወረቀት ገልብጦ የሆስፒታሉን ስም ጻፈና ሪፈር እንደሚያደርገን ነገረን።

ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተቀመጡ። ጋሼ ሐኪሙን ረጅም ምርቃት መረቁት፤ እኔ እያለቀስኩ ስለነበር አንዷንም ቃል አልተረጎምኩለትም። እሱ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አዲሱ ሆስፒታል በመኪና ረጅም መንገድ ነው። እዚያ ያለችው ሰርጅን እንደጠየቅናት ቁጥሩን ነገረችን፤ የዳኑትንም፣ ያልዳኑትንም። «የሞተባትን ያልደበቀች፣ ልጅ ይሰጣታል» አሉ ጋሼ።

የሰርጀሪው ዕለት ጠዋት ልጄን ከእቅፌ ወሰዷት። መቆያ ክፍሉ ባዶ ወንበር ሞልቶታል፤ ጋሼ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጉልበትዎ!»

«ጉዳያችን መቼ አለቀና?»

ምሳ ሰዓት አለፈ። ቆመዋል። ሻይ ሳመጣላቸው ቆመው ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ሰርጅኗ ቆቧን በእጇ ይዛ ወጣችና «ልቧ በራሱ እየመታ ነው፤ ጥሩ ናት» አለችን። እልልታዬን ኮሪደሩ ሙሉ ሰማው፤ ነርስ ሮጣ መጣች። ጋሼ ወንበሩን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ተቀመጡና ፊታቸውን በመሀረብ ሸፍነው አለቀሱ።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ለትምህርት ቤቷ ትሮጥ ጀመር። አሌክሳንድሪያ ውድድር ያላት ቀን ጋሼ በከዘራ መጡ። ሰው ሁሉ መደዳውን ተቀምጧል፤ እሳቸው አጥሩን ይዘው ቆሙ። ከኋላ ያለች ሴትዮ ከለሉኝ ብላ አጉረመረመች። ታጉረምርም!

ልጄ ሦስተኛ ወጣች። እኔ አንደኛ ከወጣችው ልጅ እናት በላይ ጮኽኩ። እያለከለከች ወደኛ ስትመጣ ለአፍታ ደነገጥኩ፤ ያ የድሮው ማለክለኳ መጣብኝ። ጋሼም እንደኔ ሳይደነግጡ አልቀሩም፤ ከዘራቸውን ጥለው አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሷ ገብቷታል። እየሳቀች እጃቸውን ወስዳ አንገቷ ሥር፣ ደም ሥሯ የሚመታበት ላይ አደረገችው።

«አይም ፋይን፣ አባባ» አለቻቸው። ቀጥላም በዚያ ከእኔ በተማረችው አማርኛ፣ «ይቀመጡ።»

ጋሼ እጃቸውን ሳያነሱ ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ተቀመጡ።