ረቡዕ አይበላም

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ሶፋውን ትቼ የምቀመጠው በአፉ በተደፋ አሮጌ ሙቀጫ ላይ ነው። «ይቺ ሴትዮ እዚያ ላይ ተቀምጣ ምን ልትወቅጥ ነው?» ይላሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ እንጂ አልነሳም። የወይራ እንጨት ነው፤ ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ዕቃ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ዓርብ ዓርብ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ተልባ ታምሳለች። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣጣጣ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ። ቀጥሎ ሽታው፤ ያ ዘይት ዘይት፣ ትንሽም አረር አረር የሚለው ሽታ። ለሌላው ሰው የጾም ምሳ ነው። የእኔን እጅ ግን ሳላውቀው ወደ ከንፈሬ ይልከዋል።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ፣ በእግር ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ መንደር ነው። ታናሽ እህቴ ሁለት ዓመቷን ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። ከእኔና ከእሷ መካከል የተወለዱት ሁለቱ አልተረፉም። ስለዚህ እናቴ እህቴን የምትይዛት እንደ ተውሶ ዕቃ ነበር፤ ባለቤቱ መጥቶ እንዳይወስድባት እየሰጋች።

ነገሩ የመጣው ጡት ከተወች ወዲህ ነው። ደህና ስትጫወት የቆየች ልጅ ድንገት ከንፈሯን ማከክ ትጀምራለች። ከዚያ አንገቷ ላይ ሳማ የለበለበው የመሰለ ሽፍታ ይወጣል። የዐይኗ ቆብ ያብጣል። ሲመሽ ይጠፋል። ከታቻችን የምትኖረው ጎረቤታችን፣ ደግ ግን አፏ የማያርፍ ሴት፣ «ዐይን ነው፤ አምራባቸው ነው እኮ! ሰው ፊት አታውጫት» አለች።

እናቴ ግን ከሁላችን በፊት ያስተዋለችው አንድ ነገር ነበራት። ማክሰኞ ደህና፤ ረቡዕ ያብጣታል። ሐሙስ ደህና፤ ዓርብ ያብጣታል። በዐቢይ ጾምማ ፊቷ ሳይበርድላት ነው ፋሲካ የደረሰው።

አንድ ዓርብ እናቴ የልጅቱን ፊት በቀዝቃዛ ውሃ ስታብስ፣ ጣሳውን ይዤላት ነበር። ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የእኔ ጦስ ነው» አለችኝ።

«ምን አድርገሽ?»

«እሷን አርግዤ ሳለሁ ነው። ዓርብ ነበር። ቤት ማንም የለም፤ ዐይኔ ጨለመብኝ። ላሟን አልቤ ከነሙቀቱ ጠጣሁት። አንድ ዋንጫ ሙሉ።»

«ለንስሐ አባታችን አልነገርሻቸውም?»

«አፍሬ።» ጨርቁን ጨምቃ መልሳ ነከረችው። «እግዚአብሔር ግን ቀኑን አልረሳብኝም። ይኸው፣ ቀኑን እየጠበቀ ይመጣል።»

አሁን ሳስበው እናቴ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከዛሬዋ ከእኔ በብዙ ታንስ ነበር። ያኔ ግን እናት ሁሉን የምታውቅ ይመስለኝ ስለነበር አመንኳት።

በእኛ አገር ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም፤ ጾም ቀን ቢሆንም ወተቱን ይጠጣል። እናቴ ግን ቅጣቱን ላብርድ ብላ ያቺን የሁለት ዓመት ልጅ አስጾመቻት። ረቡዕና ዓርብ ወተቱ ቀረ። በፊት ተልባ ሲቀርብ ከእኛ ገበታ አንድ ሁለት ጉርሻ ነበር የምትቀምሰው፤ አሁን የራሷ ምግብ ሆነ። እናቴ ተልባውን ታምሳለች፣ በዚህ በተቀመጥኩበት ሙቀጫ ትወቅጣለች፣ ነፍታ በውሃና በጨው ትበጠብጣለች፣ እንጀራ ፈትፍታ ታጎርሳታለች። ልጅቱ አፏን ስትዘጋባት፣ «ጉረሺልኝ፣ ሆዴ፤ ጉረሺና ይቅር ይበለን» ትላታለች። ሲያስላት ደግሞ ያንኑ ተልባ በማር። ተልባ ለሆድም ለደረትም መድኃኒት አይደል?

ጎረቤታችን አላስችል አላት። «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይቺ ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ምን ኃጢአት አላትና ነው የምታስጾሚያት?»

«የእሷ አይደለም» አለች እናቴ።

ጥር መግቢያ ላይ ነው። ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት አድሮ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ዐይን የምትወጋ ሆና የወጣችበት ረቡዕ። እህቴ ጎረሰች። ሁለተኛውንም ጎረሰች። ሦስተኛውን አልዋጠችውም። ከንፈሯ ዐይናችን እያየ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ የሻከረ፣ የታፈነ ነገር ነው። ትንፋሿ በበር ስንጥቅ እንደሚገባ ነፋስ ማፏጨት ጀመረ።

አባቴ ከአውድማ ተጠርቶ መጣ። በበርኖሱ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አደረጋትና የጎረቤታችንን በቅሎ ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ጋለበ። እኔና እናቴ ከኋላ በእግራችን ሮጥን። በዚያ ሁሉ መንገድ እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በእኔ አድርገው። በእኔ አድርገው።» እርምጃዋ በፈጠነ ቁጥር ይፈጥናል፤ ዳገት ላይ ሲያቅታት ደግሞ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እህቴ ደረቱ ላይ ናት። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ ለመግባት አቃታት። አባቴ ቀና ብሎ አያትና፣ «ወግተዋታል። ተኝታ ነው፣ ነይ ስሚያት» አላት። ጆሮዋን አስጠጋች። ፉጨቱ የለም።

ትንሽ ቆይታ አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

«ምን በልታ ነው?»

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ረቡዕ ነው» አለች።

«ቀኑን አይደለም የጠየቅኩሽ። ምን በልታ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ረቡዕ ነው፣ ልጄ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አወረደች። «ረቡዕ አይበላም፣ እናት።»

«አዎ፣ አይበላም» አለች እናቴ ከልቧ። «ጾም ነው።»

አባቴ ያን ሁሉ ፍርሃት እንደተሸከመ ሳቁ አመለጠው። ነርሷም ሳቀች። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ነርሷ ይህን ስታይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እሺ፣ ረቡዕና ዓርብ ቤታችሁ ምን ይሠራል? በሌላው ቀን የማይሠራ?»

«ተልባ ነዋ» አልኩ እኔ።

«ዛሬስ?»

«ተልባ።»

«ተልባ እኮ መድኃኒት ነው!» አለች እናቴ፤ ልጇን የሰደቡባት ያህል።

«ለአንቺ መድኃኒት ነው፤ ለእሷ አልተስማማትም ብዬ እጠረጥራለሁ። ከእንግዲህ እንዳታቀምሷት፤ እስቲ ልሞክር ብላችሁም ቢሆን። ሌላውን ግን አትከልክሏት። ወተቷን መልሺላት፤ ልጅ ናት፣ ትራባለች። የበላችውን በየቀኑ ጻፉ። ካበጣትም ጻፉ። ትንፋሿን ካጠራት ግን ልትጽፉ እንዳትቀመጡ፤ ይዛችሁ ሩጡ።» ከመሳቢያዋ አንድ ደብተር አወጣች። «ማን ይጽፋል?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ፤ እህቴን ልዘል ነው ያቋረጥኩት። ፊደሉ ግማሹ ጠፍቶብኛል። ደብተሩን ግን ተቀበልኩ።

የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። «ሐሙስ። ገንፎ። ወተት። ከንፈር ደና።» «ዓርብ። ሽሮ። ወተት። ከንፈር ደና።» በዚያ ዓርብ እናቴ እህል አልቀመሰችም። ልጅቱን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ስታያት ዋለች። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ጠራችኝና፣ «ጻፊው፤ ደና ብለሽ ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩ። «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። «ድገሚው» አለች።

በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባታችን ወተቱን ተናገረች። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስክትጨርስ ሰሟት። «ያን ጊዜ መጥተሽ ቢሆን ጠጪ ነበር የምልሽ» አሏት። «እግዚአብሔር በሕፃን ጉሮሮ አይበቀልም፣ ልጄ። ሂጂና አብያት።» እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ ስትመለስ አረማመዷ እንኳ ሌላ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነን ከረምን። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ጾም በሌለበት ቀን፣ እናቴ ለልጅቱ የገብስ ገንፎ ሠርታ በቅቤ አበላቻት። ወዲያው ከንፈሯን አከከች። አበጠ። አንገቷ ላይ ያ ሽፍታ ወጣ። ትንፋሿ ደህና ነበር፤ የእናቴ ትንፋሽ ነው ያልነበረው።

«አየሽ?» አለችኝ። «ማክሰኞም ሆነ! ተልባ አልበላች፣ ጾም አይደለ። ቀኑ ሁሉ ረቡዕ ሆነብኝ።»

ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። «ማክሰኞ። ገንፎ። ቅቤ። ጨው።» ደጋግሜ አነበብኩት፤ የጻፍኩት እኔ የዋሸሁ ይመስል አፈርኩ። ገብሱ የሁልጊዜው ገብስ ነው። ቅቤውን ትናንትም በልታለች። ጨው? ጨውማ ጨው ነው። ግን አልቆብን ስለነበር ያን ጠዋት ነው የተወቀጠው፤ በዚያ ሙቀጫ።

ሄጄ ፊቴን ከተትኩበት።

ተልባ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ተልባ ያልገባበት ሙቀጫ ተልባ ተልባ ይሸታል። እንጨቱ ዘይቱን ለዓመታት ሲጠጣው ኖሮ፣ ታች ስንጥቁ ውስጥ ዱቄቱ እንደ ሰም ተጣብቋል።

«እማዬ፣ ነይ አሽቺ።»

«ተይኝ እስቲ፤ አሁን የምን ማሽተት ነው?»

«ነይ ብዬሻለሁ!»

እናቴን የተቆጣኋት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። መጣች። ተንበረከከችና ፊቷን ሙቀጫው ውስጥ አገባች። ብዙ ቆየች። ሻሿ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ከዚያ ከውስጥ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ መጣ። እያለቀሰች ነበር።

«ተልባ ነው» ትላለች። «ተልባ ብቻ ነው።»

ስትጨርስ ሙቀጫውን በአፉ ደፋችው፤ ላዩ ላይ ተቀመጠችና ልጅቱን ታቀፈች። ከዚያ ወዲያ አልተወቀጠበትም። አባቴ በሚቀጥለው ክረምት በተልባው ማሳ ላይ ምስር ዘራ። ተልባ ሲያብብ አይተሽ ታውቂ እንደሆን እንጃ፤ ሰማይ መሬት ላይ የተኛ ነው የሚመስለው። «አበባው ብቻ ነው የሚቆጨኝ» ይል ነበር አባቴ። ጎረቤታችን ደግሞ ዝክርም ሠርግም ባለበት ሁሉ ቀድማ ደርሳ፣ «ለዚያች ልጅ ተልባ ያቀመሰ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» ትላለች። አፏ የማያርፍ መሆኑ ያኔ ጠቀመን።

ልጅቱ አደገች። ደብተሩ አለቀ፤ ሌላ ገዛሁ፣ ከከንፈር ሌላም ሌላም ነገር መጻፍ ጀመርኩ። እናቴ ግን አንድ ነገር አልተዋትም። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት፣ እህቴ ከቤት ሳትወጣ፣ ጠርታ አውራ ጣቷን በከንፈሯ ላይ ታሳልፋለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ አድርጋ።

«እማዬ፣ ተልባ ነው እኮ፤ ቀኑ አይደለም!» ትላለች እህቴ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ እየተቁነጠነጠች።

«አውቃለሁ» ትላለች እናቴ። ጣቷን ግን አትመልስም።

እህቴ አግብታ ራቤል ከተማ ከሄደች በኋላ፣ እናቴ ጣቷ አልደርስ ቢላት ስልክ ማስደወል ጀመረች። ረቡዕ ጠዋት፣ ዓርብ ጠዋት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃ ጠይቃ በመጨረሻ፣ «ከንፈርሽ ደህና ነው?» ትላለች።

እናቴ ያረፈችው ካቻምና ነው። መጨረሻዋ ላይ ዐይኗ ማየት ትቶ ነበር። እህቴ ከራቤል መጥታ አልጋው ሥር ተንበረከከች። እናቴ እጇን ከለበሰችው የሱፍ ባና ውስጥ አውጥታ የልጇን ፊት ፈለገች፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ከዚያ ያ አውራ ጣት ከንፈሯ ጥግ ደርሶ ቆመ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለች።

ረቡዕ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እህቴ ቀደመችኝ።

«እሑድ ነው፣ እማዬ።»

«እሑድ» አለች እናቴ። «ተመስገን።» እጇን መልሳ ባናው ውስጥ ከተተችው።

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ቀኑን እንደሆነው እንድጽፍ ደብተር የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ።