ሆስፒታል ይዤው የሄድኩት የሉህ ውሃ

ኮሮና ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው፤ እዚሁ ጅግጅጋ። ልጄ ፈቲያ ስትስቅ ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል።

ፈቲያ ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም አየች። ስትነግረኝ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት። አባቷን የነጠቀኝ የአንጀት ካንሰር ነው፤ ታላቅ ወንድሙም በዚያው ሄዷል። ሰው "ዓይን ነው" ይል ነበር፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማምነው።

ሆስፒታል ያገኘናት ዶክተር የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። የፈቲያን አባት ነገር ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "እናቴ፣ ቁርአን ቤት ልጆች ሉህ ላይ፣ እዚያች የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ ሲጽፉ አይተሻል?" አለችኝ።

"ቁርአን ቤቱ ከጓሮዬ እኮ ነው" አልኳት።

"ሰውነታችንም እንደዚያ ነው። ያረጀው በአዲስ ሲተካ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ይገለብጣል። ሲገለብጥ ይሳሳታል። ደግነቱ እንደ ቁርአን አስተማሪው፣ እንደ መዓሊሙ የሚያርም አለው፤ ስህተቷን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ይጽፋታል። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን አራሚው ደካማ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ያልታረመው ሲጠራቀም ዕጢ ይሆናል። የፈቲያም እንደዚያ እንዳይሆን በካሜራ ገብተን እንያት።"

አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ሰጠቻት። ከንጹህ ውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምስ አለች።

እኔ ግን የአራሚው ነገር ከልቤ አልወጣም። መዓሊሙ ዘንድ ሄጄ ቁርአን የተጻፈበትን ሉህ አሳጠብኩና እጣቢውን በጠርሙስ ያዝኩ። እኛ ዘንድ ለፈውስ ይጠጣል፤ ደካማውን አራሚ ቢያጠነክርልኝ ብዬ ነው። ውሃ አይደል?

ጠዋት ተራ ስንጠብቅ አውጥቼ ሰጠኋት።

"እማ፣ ይሄ እኮ ጥቁር ነው!"

"ጠጪ፣ አትከራከሪኝ!"

ከንፈሯ ላይ ሳደርሰው ዶክተሯ ደረሰች። ትቆጣኛለች ስል ጠርሙሱን አየችውና ሳቀች።

"እናቴ፣ ካሜራው የመዓሊሙን ቀለም አይቶ ሊመለስ ነው? ቀለሙ ከሸፈነብኝ ትንሿን ነገር በምን ላያት? ምርመራው ሲያልቅ ትጠጣዋለች።" ፈቲያንም ጠርሙሱንም ይዛ ገባች።

ደጅ ተቀምጬ ዱዓ አደረግኩ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጠርሙሱን ነው። "አደራሽን" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትናንሽ ዕጢዎች አግኝታ ቆርጣ አውጥታለች። ከቀናት በኋላ ተመርምረው ገና ወደ ክፉ እንዳልተለወጡ ሲነገረን እዚያው ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ ሱጁድ ወረድኩ። ፈቲያም እጣቢውን አንድ ጉንጭ ጠጥታ ፊቷን አጨማደደች።

አሁንም በቀጠሮዋ እየሄደች ትታያለች። ቀጠሮው ሲቀርብ ፍርሃቴ ይመለሳል፤ አልዋሽም። መዓሊሙ ከጓሮዬ "አጥፋ! እንደገና ጻፍ!" እያለ ልጆቹ ላይ ሲጮህ ድሮ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ዛሬ መስኮቴን ከፍቼ እሰማዋለሁ።