ካፒቴኑ ሲሳሳት

«አንቺ በምታበሪው አውሮፕላን እኔ አልሳፈርም።»

ይህን ያሉኝ ለቃለ መጠይቅ ሊያዘጋጁኝ የተቀመጡት ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጂዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ፤ ድሮ የበረራ አስተናጋጆች አለቃ ነበሩ፣ ይህ ሲሆን ግን ሸረፊያ ሰፈር አንድ የትኬት ቢሮ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጡና ጠያቂ ይሆናሉ። ሚስታቸው ሶፋው ላይ ሆነው ምስር እየለቀሙ ይስቁብኛል።

ጥያቄው ይህ ነበር። ረዳት አብራሪ ነሽ፤ ካፒቴኑ ከተፈቀደለት ከፍታ በታች እየወረደ ነው፣ አላስተዋለም፤ ምን ታደርጊያለሽ? እኔም ተሳስተሃል እለዋለሁ፣ ካልሰማኝ እጁን መትቼ መሪውን እነጥቀዋለሁ አልኩ። ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

አልሳፈርም ያሉት ለዚህ ነው። ዝም የምትል ረዳትና የምትጮህ ረዳት እኩል ሰው ይጨርሳሉ አሉኝ። ነገሩ መንገድ አለው። መጀመሪያ በጥያቄ ትጀምሪያለሽ፣ ከፍታችንን አይተኸዋል ወይ ትይዋለሽ። ካልመለሰ አደጋውን በስሙ ጠርተሽ ትነግሪዋለሽ። አሁንም ካልመለሰ መሪውን ትይዣለሽ፤ ስትይዢም እየነገርሽው ነው እንጂ ተደብቀሽ አይደለም። ከዚያ ደግሞ ጠያቂዎቹ ከራስሽ ሕይወት ምሳሌ አምጪ ይሉሻል፣ ታላቅሽን የተቃወምሽበትን አንድ ቀን ንገሪን ይሉሻል። ምን አለሽ?

ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ከሒሳብ አስተማሪዬ ጋር የተጨቃጨቅኩትን፣ ጊዜው ያለፈበት ወተት የሸጠልኝን ባለሱቅ ወተቱን ጠረጴዛው ላይ የደፋሁበትን። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይሄ ጠብ ነው፣ ሌላ ፈልጊ አሉ።

ሌላ አልነበረኝም። አገር ቤት ከከተማ ከተማ በትንንሽ አውሮፕላን ሰው የሚያመላልስ ድርጅት ሠልጣኝ አብራሪ ይፈልግ ነበር፤ ያለፈው ክረምት ለእረፍት ስሄድ ፈተናውን ተፈትኜ አለፍኩ፣ የቀረኝ ቃለ መጠይቁ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ቤት ተቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ነገር ሊያመልጠኝ አይገባም። ሰፈሩ ግን አላስጠናኝም። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ባገኘችኝ ቁጥር ደረጃው ላይ ታቆመኝና፣ ሴት መኪና በማትነዳበት አገር አድገሽ አውሮፕላኑን ከየት አመጣሽው ትለኛለች፤ ትናንት የጠየቀችኝን ዛሬም እንደ አዲስ። እናቴ በቀኝ እግርሽ ግቢ፣ ቢስሚላህ በይ፣ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን አትዪ ትለኛለች። ጋሼ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ ይላሉ። በየመሀሉ በዐረብኛ «ያዕኒ» ማለትሽንም ተዪ ይላሉ። ስናደድ ደግሞ «ያዕኒ»ው ይብስብኛል።

ይህ ሁሉ ጥናት ከጂዳ ካልወጣሁ ከንቱ ነው። ለመውጣት ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአባቴ ሥር ነው፤ ኹሩጁን የሚሰጠው አባቴን በስሙ ያስመጣው ሳዑዲ ዋስ፣ ከፊሉ፣ ነው፤ ከፊሉን መጠየቅ ያለበት ደግሞ አባቴ ነው። አባቴ አልጠይቅም አላለም። ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚለው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው።

ምክንያቱን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። አባቴ በወረቀት የከፊሉ ሾፌር ነው። በእውነት ግን መካ፣ ጀርወል ውስጥ ያለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ነው፤ እኔ ሕፃን ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ። ከፊሉ አርጅቷል፣ መኪናውንም ልጆቹ ይነዱለታል፤ ኢቃማውን በጊዜው ከማሳደስ በቀር አባቴን ረስቶታል። ኑሯችን የቆመው በዚያ መረሳት ላይ ነው። ያለፈው ክረምት የእረፍት መውጫዬ ከኢቃማው እድሳት ጋር አብሮ አለፈልን፤ አሁን ለብቻው ኹሩጅ መጠየቅ ግን አለሁ ብሎ ማስታወስ ነው።

በዚያ ዓመት ግን መረሳት አላዋጣም። ኢቃማው ላይ ከተጻፈው ሰው ውጭ ለሌላ የሚሠራ ሁሉ ወረቀቱን እንዲያስተካክል ወይም እንዲወጣ የምሕረት ጊዜ ተሰጥቶ፣ እሱም ሊያልቅ ነበር። በኒ ማሊክ ውስጥ ሰው ሻንጣ ይገዛል፣ ዕቃ ይሸጣል። መንገድ ላይ ፍተሻ ስለበዛ አባቴ አርብ አርብ ቤት መምጣቱን ትቶ እዚያው ሆቴሉ ምድር ቤት መተኛት ጀመረ። ስንደውልለት፣ ይቺ በየጊዜው ያለች ነገር ናት፣ ታልፋለች ይለናል። የቃለ መጠይቁ ቀን ሲቀርብ እናቴን ይዤ መካ ሄድኩ።

በአንሶላ ክምር መሀል ቆሞ አገኘነው። ከስቷል። ሲያየን ደስ አለው፣ ምሳ በልታችኋል ወይ አለን። እኔ መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩትን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

«አባ፣ ምሕረቱ ካለቀ በኋላ እዚህ ቢያገኙህ ምን ልትላቸው አስበሃል?»

«እዚህ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ሩዙ ጥሩ ነው» አለኝ።

እናቴ ሳቋን በአባያዋ እጅጌ ሸፈነች። ወደ ሁለተኛው አለፍኩ። ያስሩሃል አባ፣ አሻራህን ወስደው ያባርሩሃል፣ እማ ብቻዋን ትቀራለች፣ የእኔም ቀን ያልፋል አልኩት። አንሶላ ማጠፉን አላቆመም።

«ሽማግሌው ረስቶኛል» አለ። «ተይው፣ እንደረሳኝ ይሙት።»

ስልኩ አንሶላው ላይ ነበር። ከከፊሉ ጋር ሲነጋገር ሁልጊዜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ የአባቴ ዐረብኛ ለሥራና ለገበያ እንጂ ለልመና አይሆንም። ስለዚህ ሽማግሌው ድምፄን ያውቀዋል። ስልኩን አነሳሁ።

«አባ፣ ልደውልለት ነው።»

ሊቀማኝ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መልሶ አንሶላው ላይ አሳረፈው። እያየኝ ደወልኩ።

ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ ሕመም ብዙ ካወራኝ በኋላ ኹሩጁን ያለ ክርክር እሺ አለኝ። ልዘጋ ስል፣ ለመሆኑ አባትሽ አሁን የት ነው የሚሠራው ብሎ ጠየቀኝ። የስልኩን ድምፅ ከፍቼው ስለነበር አባቴም ሰማ። እኔ በየቦታው ምላስ ያለኝ ሰው፣ ወደ አባቴ ዞርኩ። ሽማግሌው ነገሩ ገባው፣ ግን አልተቆጣም። ልጆቼ በስማችን ያለ ሰው ጣጣ እንዳያመጣብን ይላሉ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ለሦስታችሁም ኹሩጅ ኒሃኢ እንሰጣችኋለን፣ ምሕረቱ ሳያልቅ በሰላም አገራችሁ ግቡ አለኝ። ኹሩጅ ኒሃኢ መመለሻ የሌለው ነው።

አባቴ የያዛትን አንሶላ አጥፎ ጨረሰ፣ ከክምሩ ላይ አስቀመጣት፣ ጠርዟንም አስተካከለ። ከዚያ ለእናቴ ብቻ፣ ምሳ ብሉና ሂዱ አለ።

ሥራውን አስረክቦ ቤት ከመጣ በኋላም አላናገረኝም። ፍሪጁን ለገዢ ሲያሳይ፣ ምንጣፉን ሲጠቀልል፣ ከእኔ የሚፈልገውን በእናቴ በኩል ይጠይቅ ነበር። ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አቁማኝ፣ አባትሽን አገር ቤት የምትወስጂው አንቺው እያበረርሽ ነው አሉ አለችኝ። ጋሼ የሆነውን ሁሉ ሲሰሙ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። ምሳሌሽን አገኘሽው፣ በእንግሊዝኛ አሳጥሪና አጥኚው አሉኝ። ተናድጄ በሩን ዘግቼባቸው ወጣሁ። ግን አጠናሁት።

ወላጆቼ ዕቃውን ሸጠው እስኪከተሉኝ ቀድሜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ጋሼና ሚስታቸው ወደ አየር ማረፊያ ሊያደርሱኝ መኪና ውስጥ ይጠብቁኛል። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ፣ ላግዝህ ብለው አልሰጠኝም። መኪናው ኋላ አስገብቶ ክዳኑን ዘጋ፣ እጁን ግን አላነሳም።

«ምሳሌ ይጠይቋታል አሉኝ ጋሼ።»

«አዎ፣ ይጠይቃሉ።»

«የእኔን እንዳትነግሪያቸው።»

እሺ አባ አልኩት። ጉልበቱን ስሜ ከእናቴ ጋር ተቃቀፍኩና ከኋላ ገባሁ። ጋሼ መኪናውን አስነሱ።