ጁፒተርን ያጣች መንኮራኩር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ መንኮራኩር ከፀሐይ ስበት እንዴት አምልጣ ትወጣለች?» አለችኝ። ማስረዳት ስለምወድ ሰሌዳውን ሞላሁት። ነዳጇ ብቻውን አይበቃትም፤ በጁፒተር አጠገብ ስታልፍ ግን ጁፒተር ስቦ ያስፈነጥራታል። ታዲያ ጁፒተር በጊዜው እዚያ መገኘት አለበት። እዚህ ላይ ስደርስ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ጥር ነበር። እኔና ጓደኛዬ ከድር፣ ቢቸና ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ ያንኑ ጉዞ ነድፈን ለሳይንስ ውድድር ወደ ሞጣ ተሳፈርን። ያሸነፈ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በነጻ ይማራል። የከድር አባት የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ «ካለፍክ ትማራለህ፤ ካላለፍክ ሱቁ ይጠብቅሃል» ብለውታል። ስሌቱን የሠራው እሱ ነው። የፕላኔቶቹን ቦታ ከሰንጠረዥ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ደብረ ወርቅ ላይ የሽምብራ እሸት ገዝተን እየፈለፈልን ሰንጠረዡን ገለጥኩት። የፈለግኩት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰንጠረዡ የፈረንጅ።

«ከድር፣ ጁፒተር የለም።»

«የት ሄዶ? ግንደወይን ገበያ?»

ስነግረው ሳቁ ቆመ። በሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ጁፒተር ከግማሽ ዙር በላይ ርቋል። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። መኪናው ሲነጥር እስክሪብቶው ይዘላል፤ ቁጥር በቁጥር ላይ ይጻፋል።

«ኩረጃ በመኪናም ተጀመረ እንዴ!» አለ ረዳቱ።

የሞጣ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ ስሌቱ ገና ግማሹ ላይ ነበር።

«ዝም እንበል፤ ዳኞቹ አያውቁም» ብዬ ለመንኩት።

«አባባ ከፊት ነው የሚቀመጡት። እሳቸው እያዩኝ ልዋሽ? ወላሂ አላደርገውም።»

በውድድሩ አዳራሽ ተራችን ሲደርስ ከድር ተነሥቶ፣ «መንኮራኩራችን ስትደርስ ጁፒተር እዚያ የለም፤ ዓመቱን ተሳስተናል» አለ።

«ዓመቱን ያወጣው ማን ነው ልጄ?» አሉ ከዳኞቹ አንዱ።

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ከድር።

አባቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በሳምንቱ ከድር፣ ቢቸና የነበረውን ፍራሹን ጭኖ ሞጣ አባቱ ሱቅ ገባ።

ዛሬም ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ሱቁ እገባለሁ። ባለፈው የሱሪ ጨርቅ ሲያወርድልኝ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። «ከድር፣ ያን ቀን እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ስንት ሜትር ልቁረጥልህ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሣ።

ጁፒተርን ያጣች መንኮራኩር ወድቃ አትቃጠልም፤ ፀሐይን ስትዞር ትኖራለች። ይህን ለአርባ ተማሪ ሳልደናቀፍ አስረዳለሁ። ለአንድ ሰው «እኔ ነበርኩ» ማለት ግን አቅቶኝ፣ «ሁለት ሜትር» ብዬው ወጣሁ።