ሁለት የእንጨት ዓሦች

ነፋስ ስልክ፣ ከአናጢው ደጃፍ ቁራጭ ጥድ ለቅሞ የሚቀመጥ ሰው አለ። የፈረሰው የቀድሞ ጦር ሠራዊት ካፖርት በግንቦት ሙቀትም ከላዩ አይወርድም። ከእንጨቱ ጣት የምታክል ዓሣ ይቀርጻል፤ እሑድ ቆቃ ሐይቅ ወርዶ ትልልቆቹን የሚያታልልባት ናት። ከአፏ እስከ ጭራዋ በጋለ ሽቦ ይበሳትና ሌላ ሽቦ አሳልፎ መንጠቆውን እሱ ላይ ይጠመዝዛል። እንጨቱ ቢሰነጠቅ እንኳ መንጠቆው አይነቀልም።

ትናንት ግን ሁለተኛዋን ሲሠራ መንጠቆውን በአጭር ሚስማር ብቻ ሰካ አደረገና ሚስማሩን በቀለም ሸፈነው።

«የዚችስ አይነቀልም እንዴ?» አልኩት።

«ይነቀላል እንጂ! አብሮኝ ለሚያጠምደው ወዳጄ ናት» አለ፣ ቀለሙን እፍ እያለ። «ዳር ድረስ ጎትቶ፣ ልክ ሊያወጣው ሲል ያምልጠው። እኔም ሙሽራዬን ያጣሁት የሠርጌ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው። ሚዜዬ እሱ ነበር።»