የፊት ክፍሉ ውል

የሰፈሩ ሰው ባለመጋረጃዋ ይላታል። እውነትም በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት መስኮቶች የእሷ እጅ ያልነካው ቢፈለግ ሁለት ወይ ሦስት ቢገኝ ነው። ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። የሽንሽኑን አጣጣል፣ የቅምቅማቱን አወራረድ አይታ ነው ወደ ባለቤቶቹ የምትመለሰው። አመሏ እንደሆነ ስለሚያውቁ ማንም አይቀየማትም።

የምትሠራው በአማቷ ቤት፣ በፊት ክፍሉ ውስጥ ነው። ክፍሉ ለመንገዱ ቅርብ ስለሆነ በሩ ሲከፈት አቧራ ይገባል፣ ሲዘጋ ደግሞ ይታፈናል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ገርበብ እንዳለ ይውላል። ከግድግዳው ሥር ሁለት የስፌት ማሽን፣ መሐል ላይ ከአሮጌ በር የተሠራ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የአማቷ ወንበር አለ። አማቷ እዚያ ተቀምጠው የመጋረጃውን ቀለበት ይተክላሉ፣ ክር ይለቅማሉ፣ ያለቀውን ገልብጠው እያዩ "ይሄኛው አኩርፏል" ይላሉ። አንዱ ጎን ከሌላው አጥሯል ማለታቸው ነው። ባለመጋረጃዋም ሳትከራከር ትፈታዋለች፤ አኩርፏል ብለው ተሳስተው አያውቁምና።

ባሏ፣ የአማቷ አንድያ ልጅ፣ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። ልጅ አልወለዱም ነበር። ከለቅሶው በኋላ ታላቅ ወንድሟ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ዕቃዋን ጭኖ ሊወስዳት መኪናውን ደጃፍ ላይ አቆመ። አማቷ ወጡና "በል ግባ፣ ምሳ ብላና ትሄዳለህ" አሉት። ስለ ዕቃው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እሱም በላና ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ማን ለማን ምን እንደሆነ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ነገሩን ያስነሣው ሆስፒታል ነው። ዘጠና ስድስት አልጋ ያለው አዲስ ሆስፒታል ሊከፈት ጥቂት ወር ቀርቶት፣ የግዢ ኃላፊዋ አንድ ዘመዷ ቤት የባለመጋረጃዋን ሥራ አይታ ኖሮ አስጠራቻት። በየአልጋው መካከል የሚጋረድ፣ ከላይ አየር እንዲያስገባ መረብ ያለው፣ እጥበት የሚችል መጋረጃ ነው የተፈለገው። ባለመጋረጃዋ አንድ ናሙና ሰፍታ ወሰደች። ኃላፊዋ ጨርቁን ጎትታ፣ ቀለበቱን በጣቷ ነቅነቅ አድርጋ ከሞከረች በኋላ ወደደችው። ግን ሆስፒታሉ ከግለሰብ አይገዛም፣ ከተመዘገበ ድርጅት ነው እንጂ። እስከ ወሩ መጨረሻ ድርጅት መሥርታ የምዝገባ ወረቀቱን ይዛ ከመጣች ሥራው የእሷ ነው፤ ካልሆነ ተራው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለዚያ ቀን አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር።

ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሁለት ወንበር ከምትይዝ ክፍል ውስጥ አንድ ውል ጸሐፊ አለ። ሲናገር ብዕሩን ከጆሮው ላይ እያነሣ መልሶ የሚሰካ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ባለመጋረጃዋን አስቀምጦ ከሀ እስከ ፐ አስረዳት። የሚያዋጣት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ለዚያ ደግሞ ቢያንስ ሁለት አባል፣ መመሥረቻ ጽሑፍ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሌላ ሰው ያልያዘው ስም፣ የሥራ ቦታ ማረጋገጫም ያስፈልጋል። ሁለተኛው አባል ወንድሟ እንዲሆን ተስማምታለች፤ እሱም በስልክ "የትም ፈርም በይኝ፣ ብቻ ስብሰባ እንዳትጠሪኝ" ብሏታል። ስሙም በሦስተኛው ሙከራ አለፈላት። ለሥራ ቦታው ጸሐፊው የኪራይ ውል ቅጽ አተመና ሰጣት። ይህማ ቀላሉ ነው፣ አማትሽ ይፈርሙበታል፣ አለቀ አላት።

ጸሐፊው ያላወቀው አማቷን ነው። ሴትየዋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የኪራይ ውል የሚባል ነገር እሳቸው እጅ የሚገባው ሰዎቹ ከተካሰሱ በኋላ ነው። ተስማምቶ ኖሮ ተመራርቆ የተለያየ ተከራይ ወረቀቱ እሳቸው ዘንድ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ዘመን ካገላበጡት መካከል በደህና ያለቀ የኪራይ ውል አንድም አላዩም፤ እንዲህ ዓይነት ውል መኖሩንም ይጠራጠራሉ።

ቅጹን ከምሳ በኋላ ነበር የሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተም የሚያርፍበትን ባዶ ቦታ ሳይቀር አነበቡት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ለይምሰል ነው እማማ። መዝጋቢዎቹ የሥራ ቦታ ማረጋገጫ ስለሚሉ ነው።"

"ውሉ ለሁለት ዓመት የጸና ይሆናል ይላል።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ከሁለት ዓመት በኋላስ ማን ነው የሚወጣው?"

"ማንም አይወጣም፣ ይታደሳል።"

"ባይታደስስ?"

አማቷ ወረቀቱን በሁለት ጣት ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ለይምሰል ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ስንት ቤት እንደ በተነ እኔን ጠይቂኝ አሉ። ከዚያ ቀለበታቸውን አንሥተው ወደ መትከሉ ተመለሱና፣ ቀና ሳይሉ "እኔ ልጄን አላከራይም" አሉ።

ባለመጋረጃዋ ለሳምንት ያህል ደጋግማ ሞከረች። አንዴ በቁርስ ላይ፣ አንዴ ጨርቅ እያጠፉ፣ አንዴ ደግሞ ሆስፒታሉን አስታካ በሽተኞቹ ሳይጋረዱ ሊተኙ ነው እያለች። አማቷ እሺም እንቢም አይሉም፤ ወሬውን ወደ ጎረቤት ያዞሩታል። እሷም አጥብቃ መጫን አልሆነላትም። "ልጄ" ማለታቸው ሆዷን አባብቶት ነበር፤ ያው ቃል ደግሞ እጅና እግሯን አስሯታል። ልጅ እናቷን ውል ፈርሚልኝ ብላ እንዴት ታስገድዳለች?

ሰባት ቀን ሲቀር ውል ጸሐፊው ሌላ መንገድ አሳያት። ሌላ ቤት ተከራዪ፣ ማሽኖችሽን እዚያ አዛውሪ፣ ምዝገባሽን ጨርሺ አላት። እሷም ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ያለ የብረት በር ክፍል ሄዳ አየች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮት የለውም። መስኮት የሌለው የመጋረጃ ቤት ብላ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። አከራዩን ሁለት ቀን ላስብበት አለችውና ተመለሰች።

ጎሚስታው ግን ጎማ ሲነፋ ወሬም አብሮ ይነፋል። በማግሥቱ አማቷ ከገበያ ሲመለሱ ጠብቆ ጎረቤት ልንሆን ነው አሉ ብሎ እንኳን ደስ አለዎት አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ባለመጋረጃዋ ጨርቅ ገዝታ ስትገባ የመስኮቱ ወንበር ባዶ ነበር። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አራት ካርቶኖች በወግ ተደርድረዋል። በየካርቶኑ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ የመዝገብ ቤት የእጅ ጽሑፍ፣ ከተራ ቁጥር ጋር፣ "ክር፣ ነጭ"፣ "ክር፣ ልዩ ልዩ"፣ "ቀለበት፣ ትልቁ"፣ "መንጠቆና ጥብጣብ" ተብሎ ተጽፏል። አማቷ አምስተኛውን እያሸጉ ነበር።

"ምን እያደረጉ ነው እማማ?"

"ስትዘዋወሪ እንዳይጠፋብሽ ነው። ቀለበቱ ከክሩ ጋር ከተቀላቀለ መለየቱ ያሰለቻል።" ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ አንድ ሰው መንገድ ሲሄድ ስንቁን እንደሚያሰናዱለት ዓይነት ነው። "ማሽኖቹን ወንድምሽ በመኪናው ያድርስልሽ። በር ላይ የሚያቆምበትን ያውቃል።"

ባለመጋረጃዋ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወረደ። ስምንት ዓመት ሆዷ ውስጥ የነበረው ያን ጊዜ ወጣ። እየተንተባተበች ነው የተናገረችው። ልጅዎ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት በምን እንደምኖር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አለች። ሚስት እንዳልል ባል የለኝም፤ ምራት እንዳልል ልጅዎ የለም። ያንን ቅጽ ስሰጥዎትም ፈርቼ ነበር፤ አንዴ ተከራይ ተብዬ ከተጻፍኩ ሌላው ሁሉ የሚፋቅ መስሎኝ። እርስዎ እንቢ ሲሉኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ሥራው ሊያመልጠኝ ነው።

አማቷ ካርቶኑን ማሸጉን ተዉት። "በምን እኖራለሁ ነው ያልሽው?" አሉ። "በእኔ ነዋ። በሌላ በምን ልትኖሪ ነው?"

ከዚያም ወንበራቸው ላይ ሄደው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ ያንን መመሥረቻ የምትሉትን አምጪው። ኪራዩን ብቻ ነው ያሳየሽኝ።"

እውነት ነው፣ አላሳየቻቸውም። ወረቀት ሲበዛ ይደነግጣሉ ብላ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ውስጥ የኖሩትን ሴት። አማቷ ረቂቁን ገጽ በገጽ እየገለጡ ሄዱና አባላት የሚለው ላይ ቆሙ።

"ወንድምሽ መጋረጃ ሰፍቶ ያውቃል?"

"ኧረ እሱ፣ የመኪናውንም እኔ ነኝ የሰፋሁለት።"

"ቀለበት ተክሎስ?"

ባለመጋረጃዋ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደበላለቀባት። አማቷ ግን ቀልድ ላይ አልነበሩም። ጫማቸውን አድርገው ተነሡ፤ ሻሻቸውን መንገድ ላይ ነው ያስተካከሉት።

ውል ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። አማቷ ሳይቀመጡ ጠየቁት፤ ነገ ሥራው ቢበላሽ፣ አበዳሪ ቢመጣ፣ ቤቴን ይወስድብኛል ወይ? በዋስትና ቤታቸውን ያጡ ሰዎችን መዝገብ በእጃቸው ሲያመላልሱ ኖረዋልና ነው። ጸሐፊውም ኃላፊነቱ የተወሰነ መባሉ ለዚሁ ነው ብሎ አስረዳቸው። ማኅበሩ ዕዳ ቢገባ የሚጠየቀው በራሱ ንብረት ነው፤ አባላቱ ካዋጡት በላይ ቤታቸው ድረስ አይመጣባቸውም፣ በግላቸው ዋስ ካልሆኑ በቀር። አማቷ ይህን እንዲደግምላቸው አደረጉ። ደገመላቸው።

"እንግዲያስ ወንድሟን አውጣና እኔን ጻፈኝ" አሉት።

ጸሐፊው ወደ ባለመጋረጃዋ ዞር ብሎ፣ የቤቱ ባለቤት አባል ከሆኑማ የኪራይ ውል ምን ያደርጋል አለ። ማኅበሩ በፊት ክፍሉ በነጻ እንዲሠራበት መፍቀዳቸው መመሥረቻው ላይ ይጻፋል፣ የቤቱ ካርታ ኮፒ ይያያዛል፣ በቃ። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ሲላት፣ ምን ብዬ፣ አለችው። እሷም አላሰበችውም ነበር። አማቷ ግን ለጸሐፊው የሰጡት አንድ ማሳሰቢያ ነበራቸው፤ ክፍሉ የሚፈቀደው "እስከ" ከሚል ቃል ጋር እንዳይሆን።

የቀን ገደቡ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የውልና ማስረጃ ክፍል ቀረቡ። ውሉን የሚያረጋግጠው ወጣት ሹም ቀኑን ሙሉ ሲያነብ የዋለ ነው፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም። ሕጉ ስለሚያዝ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ያነብላቸዋል፣ እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የማኅበሩን ዓላማ አነበበ። የእያንዳንዳቸውን ድርሻ አነበበ። ሥራ አስኪያጇን አነበበ፤ ያን ጊዜ አማቷ ክርናቸውን ወደ ጎን ጣል አድርገው ባለመጋረጃዋን ነካ አደረጓት። ከአባላቱ አንዱ በሞት የተለየ እንደሆነ ድርሻው ለሕጋዊ ወራሾቹ ይተላለፋል ሲል ግን፣

"እዚያ ላይ ቆም በል ልጄ" አሉት አማቷ።

ሹሙ ቆመ።

"እኔ ወራሽ የለኝም። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሞቷል። ይህ እንዳለ ከተፈረመ፣ እኔ ስሞት አይቼው የማላውቀው የአጎቴ የልጅ ልጅ መጥቶ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። መዝገቡን አውቀዋለሁ።"

ሹሙ መታወቂያዎቹን አንሥቶ ጎን ለጎን አያቸው፤ የአባት ስማቸው አይገናኝም። "እሳቸው ምንዎ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ።

ባለመጋረጃዋ ስምንት ዓመት ሙሉ የሸሸችው ጥያቄ ይህ ነበር፤ አሁን ማኅተም በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ መጣ።

አማቷ ለመልሱ አልቸኮሉም። "የልጄ ሚስት ነበረች" አሉ። "አሁን የእኔ ናት። እናንተ የምትጽፉበት ቃል ካላችሁ እሱን ጻፉበት፤ ከሌላችሁም አባል የሚለው ይበቃናል። ብቻ ድርሻዬ ለቀሪው አባል ይሁን በል።"

ሹሙ ይቻላል አለ፣ በአባላቱ ስምምነት ከሆነ። ግን ገጹ ተቀይሮ እንደገና መታተም አለበት። ጸሐፊው ወደ ክፍሉ እየሮጠ ሄደ። እነሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ባለመጋረጃዋ ፊት ለፊት ያለው መስኮት ላይ የተሰቀለውን ያዘመመ መጋረጃ እንኳ አላየችውም። አማቷ ናቸው ያዩት፤ በአገጫቸው እያመለከቱ "ይሄ ደግሞ ከተሰቀለ ጀምሮ እንዳኮረፈ ነው" አሏት። እሷም ክንዳቸውን ያዘች።

አዲሱ ገጽ መጣ፣ ተነበበ። አማቷ በየገጹ ግርጌ ፈረሙ፤ በአንድ እጅ እየገለጡ በሌላው እየፈረሙ፣ ሹሙ ሳይቀር ፍጥነታቸውን ቀና ብሎ እያየ። ከዚያ ብዕሩን ለባለመጋረጃዋ አቀበሏት። እሷ መስመሩ አልታይ ብሏት ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ቀረች።

"ቀና በይ" አሏት አማቷ ቀስ ብለው፣ መሐረባቸውን እያወጡ። "ቀለሙን ካበላሸሽው ለሦስተኛ ጊዜ ይታተም ሊሉን ነው። መዝጋቢዎቹ ሳይዘጉም መድረስ አለብን፤ ዘጠና ስድስት መጋረጃ ገና አንዱም አልተቆረጠም።"

ዓይኗን ጠርጋ ፈረመች።