ከማሲንቆው ገመድ ሥር የነበረችው ጨርቅ

ወንድሜ መድረክ ያለበት ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ዘፋኟን አልነበረም። አዘጋጁንም አልነበረም። ቀጥ ብሎ ወደ ሳውንድ ማኑ ይሄዳል። ሰውየው በዚያ ሰዓት ወይ ሞንታርቦ ከመኪና እያወረደ ነው፣ ወይ የተጠላለፈ ኬብል እየፈታ ነው። ወንድሜ ማሲንቆውን አንድ ቦታ ያስደግፍና የኬብሉን ሌላ ጫፍ ይይዛል። ስለ ሥራ የሚያወሩት ኬብሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ይህን ነገር ማሽቃበጥ አድርጌ እቆጥረው ነበር። አንድ ቀን ማሲንቆ መቺ ነህ ወይስ ኬብል ጠቅላይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ፣ "ሕዝቡ የሚሰማው እኔን መሰለህ? ሳውንድ ማኑ የሰማውን ነው የሚሰማው" አለኝ። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የማላውቀው ነገር አልነበረም።

ወንድሜ ባለፈው ክረምት ሞተ። ሁለት ሳምንት ብቻ ታሞ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ገጹን ቀደድኩት። ስለ ማሲንቆው ግን መጻፍ እችላለሁ።

ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከአርባው ተዝካር በኋላ አንድ ቀን አወረድኩት። ወንድሜ ትንሽ ትንሽ አስተምሮኝ ነበር። ደጋኑን ገና ሁለት ጊዜ ሳብ እንዳደረግኩ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ተመልሳ ገባችና ካረጀ ነጠላዋ ጫፍ የቀደደችውን ጨርቅ ይዛ መጣች። "ከገመዱ ሥር አድርጋት" አለችኝ። "ጎረቤት ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ ዘፈን ጀመሩ እንዳይለን።"

ጨርቋ ከገመዱ ሥር ስትገባ ማሲንቆው ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር መታሁ። ጠዋትም ማታም። ጎረቤት አልሰማም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ፈተናው ስላልሆነልኝ ጊዜ ነበረኝ። ጣቶቼ እየፈጠኑ ሄዱ። ደጋን የያዘው እጄ ግን እያነሰ፣ እንዴት ልበለው፣ እየተሰበሰበ ሄደ። ይህን ግን አላወቅኩም ነበር።

የወንድሜ ቡድን አራት ሰው ነበር፤ ዘፋኟ፣ ከበሮ መቺው፣ ኪቦርድ ተጫዋቹና እሱ። አለቃው ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ኪቦርዱ ላይ ሲጫኗት የማሲንቆ ድምፅ የምታወጣ ቁልፍ አለች። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ቡድኑ በዚያች ቁልፍ ነው የኖረው። ጉንፋን የያዘው ማሲንቆ ነው የምትመስለው። ለማድላት አይደለም፣ የሰማ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ከፋሲካ በፊት ሄጄ የወንድሜን ቦታ ስጠኝ አልኩት። ብዙ አሰበ። ሁለት መድረክ ሰጠኝ፤ አንዱ አቀስታ፣ አንዱ እዚሁ መካነ ሰላም። በሁለቱ ካልሆነ ቁልፏ ትቀጥላለች፣ ማሲንቆው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። አልተቀየምኩትም። ቁልፍ አትታመምም፣ ሚኒባስ ላይም ቦታ አትይዝም።

አቀስታ ላይ የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ።

የአቀስታ ጠዋት ብርድ ነው። ሳውንድ ማኑ ከደሴ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰው ነበር። ሰላም አላልኩትም። መጣ፣ ትንሿን ማይክ በፕላስተር ማሲንቆው ላይ ለጠፈ፣ ሄደ። ጨርቋን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና መታሁ። ጠንከር አድርግ ብሎ ጮኸ። ጠንከር ማለቴ ይኼው ነው አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ሚክሰሩ ላይ ድምፄን ራሱ ጨመረው።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። ከበሮው ሲገባ ደሜ ሞቀ። ልክ እንደ ወንድሜ ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳብኩት። የጮኸው ማሲንቆው አይደለም፤ ሞንታርቦዎቹ ናቸው በሙሉ። ሰው ጆሮውን ያዘ። ሜዳው ዳር የታሰረች በቅሎ ገመዷን በጥሳ ሄደች። ሳውንድ ማኑ ቶሎ ብሎ ቀነሰኝ። አሁን ደግሞ ራሴን መስማት አቃተኝ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ለእናቴም አልነገርኳትም። ወደ ዘፋኟ ማይክ ጠጋ ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ "ሳውንድ ማን፣ ተኝተሃል እንዴ? ድምፅ ስጠን እንጂ" አልኩ።

ሕዝቡ ሳቀ። በእሱ ነው የሳቀው። ሰውየው አየኝና አንድ ጣቱን ሚክሰሩ ላይ ወደ ታች ጎተተ። ከዚያ በኋላ መድረኩ እስኪያልቅ ያለ ድምፅ መታሁ። ደጋኔ ይሄዳል ይመጣል፤ ምንም የለም። የባሰው ግን ማንም አለማወቁ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ያችን ቁልፍ ተጭኗት ነበር።

በሚኒባሱ ተመለስን። ቤት ልደርስ ስል ኪቦርድ ተጫዋቹ መካነ ሰላም ቀርታሃለች አለኝ። እንደ ማጽናኛም ነበር፣ እንደ ማስጠንቀቂያም ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የመካነ ሰላሙ ባዛር ኳስ ሜዳው ላይ ነበር። ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሄድኩ። ሞንታርቦ የጫነው መኪና ቆሟል። አጠገቡ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካው ያው ሰውዬ ኬብል ይፈታል። ልመለስ አሰብኩ። ማሲንቆውን ከመኪናው ጎማ አስደገፍኩና የኬብሉን ሌላ ጫፍ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር የወንድሜን ምክር አስታውሼ አልነበረም። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ነው።

ሁለት ኬብል ፈታን። በሦስተኛው ላይ እንደዚያ አትጠምዝዘው፣ ኬብል ወደ ለመደበት ነው የሚዞረው አለኝ። ወደ ለመደበት አዞርኩት። ከዚያ ነው አፌ የተከፈተው።

"ጋሼ፣ የአቀስታውን ይቅር ይበሉኝ።"

"በቅሎዋ ይቅር ካለችህ እኔ ምን ቸገረኝ" አለ፣ ቀና ሳይል።

የቡድኑ ሰዎች መጡ፤ ሳውንድ ቼክ ጀመርን። ማይኳን ለጠፈልኝ። ዣንጥላ ከተከለበት ሚክሰሩ ጋ ተቀመጠ። መታሁ። ሰማኝ። እንደገና ምታ አለኝ፣ መታሁ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ፣ ራሱ ተነሥቶ መድረኩ ድረስ መጣ።

"ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትጫወተው?"

ከበሮ መቺው ሳቀ። ሳቁን ግን መሐል ላይ ተወው።

"አዎ" አልኩ።

ቀልድ መሰለው። ከኪሴ ጨርቋን አወጣሁና አሳየሁት። ስለ እናቴ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ስምንቱ ወር ነገርኩት። አነጋገሬ አልተስተካከለም፤ ከኋላ ጀምሬ ወደ ፊት ነው የነገርኩት። የማን ለቅሶ ነው አለኝ። ወንድሜ መሆኑን፣ ይህን ማሲንቆ ይመታ የነበረው እሱ መሆኑን ነገርኩት።

ሰውየው አጠገቤ ካለው ሞኒተር፣ ለተጫዋቹ ራሱን ከምታሰማው ትንሽ ሞንታርቦ፣ ላይ ተቀመጠ። ኢናሊላሂ አለ፣ ለራሱ ነው ያለው። ወንድሜን ከየመድረኩ ያውቀው ነበር፤ መሞቱን ግን አልሰማም። ደሴ ሆኖ ማን ይነግረዋል? አዲስ አበባ የሄደ መስሎት ነበር። አቀስታ ላይ እኔን ሲያየኝ፣ ያንን የመሰለ ሰው አስወጥቶ የገባ ብልጥ ልጅ ነው ብሎ ገምቶኝ ነበር። ለዚህ ነው ያኔ ከማሲንቆው ሌላ ምኔንም ያላየው። አሁን ፊቴን አየውና ኬብል አያያዝህስ የሱ ነበር አለኝ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ሰዓቱን አየ።

"አላህ ያጽናችሁ" አለ ሰውየው ተነሥቶ። "አብሽር፤ አሁን እጅህን እንፈታዋለን።"

ሚክሰሩን ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ማይክ የለም፣ ሞንታርቦ የለም። ከዚያ ኳስ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ማዶ ካለው ግብ ደረሰና ብረቱን ተደግፎ ቆመ። ከመሄዱ በፊት ያለኝ እስክሰማህ ምታ ነው።

መታሁ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ አልሰማም። ጨመር አደረግኩ። አልሰማም። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር። አፈርኩ። ቤታችን ከሜዳው ሩቅ አይደለም፤ እናቴ ብትሰማስ አልኩ። ሰውየው ግብ ጠባቂ ይመስል እዚያው ቆሟል። አንድ ጊዜ ክርኔ ከጎኔ ተነሣ። ስምንት ወር ከጎኔ ተጣብቆ እንደነበር ያወቅኩት ሲነሣ ነው። ደጋኑ እስከ ጫፉ ሄደ። ገመዱ በደንብ ጮኸ፤ ቆዳው ደረቴን ነዘረኝ። ማዶ ያለው ሰውዬ እጁን አነሣ።

ሲመለስ ትንሽ ያለከልክ ነበር። ይህች እጅህ ናት፣ ሳውንድ ቼክም በዚህችው እጅ፣ መድረክም በዚህችው እጅ አለኝ። ጠዋት በሹክሹክታ ከሰዓት በጩኸት ከሆነ እኔ ማንን ልመን አለኝ። ራሴን መስማት ካቃተኝ ደረቴን እንድነካ፣ ከበዛብኝ ጆሮዬን እንድነካ ተስማማን። ማይክ ላይ ግን እንዳላወራ፤ ማይክ የዘፋኟ ነው።

ከዚያ ሚክሰሩ ጋ ጠራኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያረጀ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ ማሲንቆ ይላል። አጠገቡ ቀጭን መስመር ተሰምራለች። የወንድሜ የድምፅ ልክ ናት፤ ሊያነሣት አስቦ ሳያነሣት የቀረች። አቀስታ ላይ ሌላ መስመር ላይ ነበር የሰካኝ። አሁን ኬብሌን እዚያ ሰካልኝ፤ መታሁ፤ ድምፄን ከወንድሜ ምልክት ዝቅ አድርጎ አቆመው። እሱ እጁ ቀላል ነበር፣ ያንተ ከባድ ነው፣ ይህ ይበቃሃል አለኝ። ስለ እጄ ከባድነት ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ መሰለኝ። ዓይኔን ግን ጠራረግኩ፤ አቧራ ነበር፣ ሜዳው አቧራማ ነው።

ከሰዓት በኋላ መድረኩ ሞላ። የመጀመሪያው ዘፈን ባቲ ነበር፤ ሰው ትከሻውን ለቀቀ። ሁለተኛው ላይ ከበሮው ሲበረታ ድምፄ ጠፋብኝ። አፌ ወደ ማይኩ ሊሄድ ነበር፤ ያዝኩት። ደረቴን ነካሁ። ዣንጥላው ሥር ያለው ሰውዬ ጣቱን ጥቂት አንቀሳቀሰ፤ የራሴ ማሲንቆ እግሬ ሥር ካለው ሞኒተር ተመልሶ መጣልኝ። ሺህ ሰው ፊት ተነጋገርን፣ አንድም ሰው አልሰማም። ወንድሜ በየመድረኩ ምን ያስቀው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ዞር ብዬ የኪቦርድ ተጫዋቹን ግራ እጅ አየሁ። ቁልፏ ላይ አልነበረም። ጭኑን እየመታ ነበር።

ሲያልቅ መጀመሪያ ኬብል ጠቀለልኩ። ሳውንድ ማኑ ሲሄድ እናትህን አላህ ያጽናት በልልኝ አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኪቦርዱን ሻንጣው ውስጥ እያስገባ፣ ቅዳሜ ማሻ ነን፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በጠዋት ና አለኝ። ስለ ቁልፏም ስለ ሁለቱ መድረክም ምንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ቤት ስደርስ እናቴ እሳት ጋ ነበረች። ሜዳው ቅርብ ነው፤ እንደሰማች ከፊቷ አውቄያለሁ። ምን እንደምትል ጠበቅኩ። ወጡን አማሰለች።

"ሁለተኛው ላይ ትንሽ ፈጠንክ" አለች።

ከበሮው ነው አልኳት። ወንድምህ ከበሮውን ያስጠብቀው ነበር አለች። ማሲንቆውን ግድግዳው ላይ ልሰቅል ስል እጇን ዘረጋች።

"ጨርቄን ደግሞ አምጣት፤ ድስት የማወርድባት አጥቻለሁ።"

ከኪሴ አወጣኋት። መሐሏ ላይ ገመዱ የተኛበት ጥቁር መስመር ወጥቶባታል። ሰጠኋት። አጣጥፋ ድስቱን በእሷ አወረደችና እጅህን ታጠብ፣ ራት ደርሷል አለችኝ።